አንድ ቆጣሪ፣ ብዙ ቤት

ሰሞኑን አዊ ዞን ጥርባ ካሉ ወዳጆቻችን አንድ ጥያቄ ደረሰን። ሦስት ድረ ገጽ ሊከፍቱ አስበዋል። አንደኛው የቀድሞ ተማሪዎች የሚገናኙበት፣ ሁለተኛው ስለ ፈረስና ስለ ፈረሰኛ የሚጻፍበት፣ ሦስተኛው ደግሞ የአውጚ ተረትና ምሳሌ የሚሰበሰብበት ነው። ጥያቄያቸው አጭር ነበረች፦ «ሦስት ቦታ ሦስት ጊዜ ሶፍትዌር እንጫን ወይስ ሦስቱንም በአንድ እናንቀሳቅስ?»

እኛ ደግሞ ለአጭር ጥያቄ ረጅም መልስ መስጠት እንወዳለን። ብሎግ የከፈትነውስ ለምን ሆነና! ነገሩን ስንቆፍረው የቴክኒክ ጥያቄ ብቻ አልሆነልንም፤ ታሪክ ሆነብን። እነሆ ታሪኩ። (የሀገር ቤቱን ዘመን ዓ.ም. እያልን በራሳችን አቆጣጠር፣ የባሕር ማዶውን እ.ኤ.አ. እያልን እንጽፋለን።)

አዲስ አበባ ቤት የተከራየ ሰው ጉዳዩን ሳይነገረው ያውቀዋል። አንድ ግቢ፣ በግቢው ዙሪያ የተደረደሩ አምስት ስድስት ሰርቪስ ቤቶች፣ አንድ ቧንቧ፣ አንድ የመብራት ቆጣሪ። ለአከራይም ለተከራይም ርካሽ ነው። ነገር ግን አንዷ ተከራይ ምጣድ ስትሰካ የሁሉም አምፖል ይደበዝዛል። ሒሳብ ሳይከፈል ቀርቶ መብራት ቢቆረጥ ደግሞ «እኔ ድርሻዬን ከፍያለሁ» ማለት አምፖል አያበራም።

የይዘት ማስተዳደሪያ ሶፍትዌርም እንዲሁ ነው። ጥንት ድረ ገጽ ማለት አንድ በአንድ በእጅ የተጻፈ ፋይል ነበር፤ አንዲት ዜና ለመጨመር ሦስት አራት ገጽ ከፍቶ ማረም ግድ ይላል። ሶፍትዌሩ መጣና ጽሑፉን ዳታቤዝ ውስጥ፣ መልኩን ቴምፕሌት ውስጥ ለያይቶ አስቀመጠ። ጽሑፍና መልክ አንዴ ከተለያዩ ቀጣዩ ሐሳብ ሩቅ አይደለም፦ ያው ሶፍትዌር ለምን ሁለት፣ ለምንስ ሃያ ድረ ገጽ አያንቀሳቅስም?

ሐሳቡ ግን ከኮምፒውተር ይቀድማል። ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በአልጋ ወራሽ ተፈሪ መኮንን የተቋቋመው በ1914 ዓ.ም. ነው። በስሙ የሚጠራው ጋዜጣ በ1917 ዓ.ም. ተከተለ። አዲስ ዘመን በ1933 ዓ.ም. ተጀመረ። ከ1985ቱ የፕሬስ ዐዋጅ ወዲህ የግል ጋዜጦች እንደ አሸን ሲፈሉ አብዛኞቹ የታተሙት እዚያው በብርሃንና ሰላም ማሽን ነው። ለጀማሪ አሳታሚ ይህ ትልቅ ነገር ነበር። ማሽን መግዛት፣ ባለሙያ መቅጠር፣ ወረቀት ከውጭ ማስመጣት አይጠበቅበትም። ጽሑፉንና የማተሚያውን ሒሳብ ይዞ ይሄዳል፤ ማታ ገብቶ ጠዋት አዟሪው እጅ ይደርሳል። መንግሥትን የሚያወድሰውም የሚረግመውም ከአንድ ማሽን ሥር ይወጡ ነበር። ቀለሙ እንኳ አንድ ነው።

በ2004 ዓ.ም. ማተሚያ ቤቱ ለአሳታሚዎች አዲስ የውል ሰነድ አቀረበ። ሕግ ይጥሳል ብሎ ያመነበትን ጽሑፍ አላትምም የማለት መብት የሚሰጠው ነበር። አሳታሚዎች ቅድመ ምርመራ በጓሮ በር ተመለሰ ብለው ጮኹ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ስለ ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ጤና የጻፈው የፍትሕ ጋዜጣ እትም፣ 30 ሺህ ገደማ ቅጂ፣ በፍትሕ ሚኒስቴር ትእዛዝ ሳይሰራጭ ቀረ። ጋዜጣው የራሱ ስም፣ የራሱ አዘጋጅ፣ የራሱ አንባቢ ነበረው። ማሽኑ ግን የራሱ አልነበረም።

ወደ ድረ ገጹ እንመለስ። የአማርኛ ድረ ገጽ ሶፍትዌር ከመጋራቱ በፊት ፊደል መጋራት ነበረበት፤ ይህም ቀላል አልነበረም። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ኢንተርኔት ካፌ የገባ ሰው ያስታውሳል። ሁሉም ፎንት ፊደሉን የሚያስቀምጥበት የራሱ ቁጥር ነበረው፤ በአንዱ «ሀ» የሆነው ቁጥር በሌላው ሌላ ነው። ትክክለኛውን ፎንት ያልጫነ አንባቢ የሚያየው የተበታተነ የላቲን ፊደልና ምልክት ነበር። ስለዚህ ብዙዎቹ ጽሑፉን በፒዲኤፍ ወይም በፎቶ ይለጥፉት ነበር። ፎቶ ደግሞ ዳታቤዝ ውስጥ አይፈለግም፣ አይቀዳም፣ ከአንዱ ገጽ ወደ ሌላው አይሻገርም። የይዘት ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር ይዘቱን ማንበብ ካልቻለ ምኑን ያስተዳድራል?

ዩኒኮድ የግእዝ ፊደልን ያስገባው በ3.0 እትሙ፣ እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። እዚህ ላይ ለጥርባ ወዳጆቻችን ደስ የምትል ነገር አለች። በዚያ ሰንጠረዥ ውስጥ አማርኛ የማይጠቀምባቸው ጘ፣ ጙ፣ ጚ እያሉ የሚሄዱ ፊደሎች አብረው ገብተዋል። «አውጚ» የሚለው የቋንቋው ስም ራሱ ያለ «ጚ» አይጻፍም። የአውጚ ፊደል ከአማርኛ ፊደል ጋር በአንድ ቀን፣ በአንድ መዝገብ ቁጥር አገኘ ማለት ነው። ለብቻው ቢሆን ኖሮ ማን መቼ ያስታውሰው እንደነበር እንጃ። የጋራ ቆጣሪ ሁልጊዜ ክፉ አይደለም።

አሁን ሶፍትዌሩ ራሱ ይግባ። እ.ኤ.አ. በ2001 ሚሼል ቫልድሪጊ የሚባል የኮርሲካ ልጅ ቢ2 የተባለ የብሎግ ሶፍትዌር ጻፈ፤ ካፌሎግም ይሉታል። በነፃ ለቀቀው። ብዙም ሳይቆይ ልጁ ድምፁ ጠፋ፤ ተጠቃሚዎቹ ባለቤት የሌለው ቤት ውስጥ ቀሩ። እዚህ ላይ የነፃ ሶፍትዌር ጥቅም ታየ፦ ኮዱ ክፍት ስለነበረ ከአንድ እናት ሦስት ልጅ ወጣ። አሜሪካዊው ማት ሙለንዌግና እንግሊዛዊው ማይክ ሊትል እ.ኤ.አ. በ2003 ወርድፕሬስን ጀመሩ። ፈረንሳዊው ፍራንስዋ ፕላንክ ቢ2ኢቮሉሽንን ሠራ። አየርላንዳዊው ዶንካ ኦ ኪቭ ደግሞ ለሀገሩ የሊኑክስ ወዳጆች ብዙ ብሎግ በአንድ ጭነት የሚያንቀሳቅስ ቢ2 ፕላስ ፕላስ አዘጋጀ፤ እሱ ኋላ ወርድፕሬስ ኤምዩ ሆነ። ወርድፕሬስ ዶት ኮም እ.ኤ.አ. በ2005 ተከፍቶ ለሺዎች ብሎግ ማደል የቻለው በዚሁ ነው። እ.ኤ.አ. ሰኔ 2010 ወርድፕሬስ 3.0 ሲወጣ ሁለቱ ተዋሃዱ፤ ከዚያ ወዲህ ማንም የወርድፕሬስ ባለቤት ጥቂት መስመር ጨምሮ አንዱን ቤት ግቢ ማድረግ ይችላል።

ከሦስቱ ልጆች አንዱን ግን ኢትዮጵያውያን ስሙን ሳናውቅ ስንጠቀምበት ኖረናል። በ1990ዎቹ መጨረሻ የሀገር ወሬ ለማንበብ ናዝሬት ዶት ኮም ያልገባ ዲያስፖራ፣ ያልገባ የአዲስ አበባ የቢሮ ሠራተኛ አለ ብለን አናምንም። ሊንኩን አስታውሱት፦ ረጅም ነበር፤ መሐሉ ላይ «ብሎግ=15» የሚል ነገር ነበረበት። ያ ቢ2ኢቮሉሽን ነው። 15 የክፍል ቁጥር ነው። አንድ ሶፍትዌር፣ በሆዱ የተደረደሩ ብዙ ብሎጎች፤ አድራሻው ላይ ቁጥሩን መለወጥ ከሳሎን ወደ ጓዳ እንደመሄድ ነበር። አስተያየት መስጫው ላይ የነበረውን ስድብ ለጊዜው እንለፈው።

ለጎበዝ ናዝሬት ዶት ኮም ነበረ፤ ለሌሎቻችን ደግሞ ብሎገር። ብሎገርን ፓይራ ላብስ እ.ኤ.አ. በ1999 ከፈተው፤ ጉግል በ2003 ገዛው። እዚህ ሶፍትዌር መጫን እንኳ የለም። ስም ትመርጣለህ፣ «ብሎግስፖት» ከኋላው ይለጠፋል፣ አለቀ። በምርጫ 97 ማግስት ጋዜጦች ሲዘጉና አዘጋጆቻቸው ሲታሰሩ ወሬው ወደዚያ ሸሸ። ስማቸውን የደበቁ ጸሐፊዎች ከአዲስ አበባ ሆነው በብሎግስፖት ይጽፉ ጀመር።

ግንቦት 1998 ዓ.ም. ብሎግስፖት ኢትዮጵያ ውስጥ መከፈት አቆመ። አንድ ብሎግ አይደለም፤ ሁሉም። የፖለቲካውም፣ የግጥሙም፣ የምግብ አሠራሩም፣ ብራዚል ውስጥ ስለ እግር ኳስ የሚጽፈውም። ኦፕንኔት ኢኒሼቲቭ የተባለው የጥናት ቡድን ኋላ ሲመረምር ያገኘው ይህንኑ ነው፦ ስለ ኢትዮጵያ አንዲት ቃል ያልጻፉ ብሎጎች ሁሉ አብረው ታግደዋል። ዘጊው የማንንም ጽሑፍ ማንበብ አላስፈለገውም። ሁሉም ስማቸው መጨረሻ ላይ አንድ ቃል ነበራቸው፤ ቃሏን መዝጋት በቂ ነበር። ግቢው ውስጥ የትኛው ተከራይ እንደጮኸ ከመፈለግ ቆጣሪውን መንቀል ይቀላል።

ይህን ስንጽፍ ከመካከላችን አንዱ «እና ጥፋቱ የሶፍትዌሩ ነው?» ብሎ ተሟገተን። አይደለም። የዘጋው ዘጊው ነው። ግን ሶፍትዌሩ ለዘጊው ሥራ አቅልሎለታል፤ ይህንን ሳይጽፉ ማለፍ ደግሞ ታሪክ ማጉደል ነው። በዚያ ወቅት የራሳቸው ስምና ሰርቨር የነበራቸውም ታግደዋል፤ ኢትዮጵያን ሪቪውና ሳይበር ኢትዮጵያ ከነዚያ ናቸው። እነዚያ ግን አንድ በአንድ ነው የታገዱት። ከእነሱ ጋር ብራዚላዊው አልታገደም።

ዞን ዘጠኝ የተባለው የወጣቶች የጋራ ጦማር በ2004 ዓ.ም. ሲጀመርም ቤቱ ብሎግስፖት ነበር። ብዙም ሳይቆይ ሀገር ውስጥ እንዳይነበብ ተደረገ። ሚያዝያ 17 እና 18 ቀን 2006 ዓ.ም. ስድስት ጦማርያኑና ሦስት ጋዜጠኞች ታሰሩ። ስለ ሶፍትዌር በምናወራበት ጽሑፍ ይህን መጻፍ ይከብደናል፤ አድራሻ ቢታገድ ሌላ ይከፈታል፣ ሰው ግን ቅጂ የለውም። ከመካከላቸው ጥቂቶቹ ሐምሌ 2007 ዓ.ም. ክሳቸው ተቋርጦ ወጡ፤ የቀሩት ጥቅምት 2008 ዓ.ም. ከሽብር ክስ ነፃ ተባሉ። ሰኔ 2010 ዓ.ም. መንግሥት ከ200 በላይ ድረ ገጾችና ብሎጎችን እገዳ ማንሳቱን አስታወቀ። ብዙዎቹ ሲከፈቱ ውስጣቸው ባዶ ነበር፤ ጸሐፊው ወይ ፌስቡክ ገብቷል ወይ ተስፋ ቆርጧል።

የጋራ ቤት ሌላ አደጋም አለው፤ መንግሥትም ፖለቲካም የማያስፈልገው። ድሩፓል የሚባለው ሶፍትዌር ብዙ ድረ ገጽ የሚያንቀሳቅስበት መንገድ ከወርድፕሬስ ይለያል። ወርድፕሬስ ሁሉንም አንድ ዳታቤዝ ውስጥ ያስቀምጣል፤ የተጠቃሚዎች ሰንጠረዥ አንድ ሆኖ የየድረ ገጹ ጽሑፍ 2፣ 3 እያለ ቁጥር የተለጠፈበት የራሱ ሰንጠረዥ ይሰጠዋል። ድሩፓል ግን ለየድረ ገጹ የራሱን ፎልደርና የራሱን ዳታቤዝ ይሰጣል፤ የሚጋሩት ኮዱን ብቻ ነው። የተሻለ ይመስላል አይደል? እ.ኤ.አ. ጥቅምት 15 ቀን 2014 በድሩፓል 7 ኮድ ውስጥ አንድ ቀዳዳ መኖሩ ይፋ ሆነ። ከሁለት ሳምንት በኋላ የደኅንነት ቡድኑ ማስጠንቀቂያ አወጣ፦ ቀዳዳው ይፋ በሆነ በ7 ሰዓት ውስጥ ያልተደፈነ ድረ ገጽ ሁሉ ተሰብሮ እንደገባበት ይቆጠር። ሰባት ሰዓት! እኛ ሀገር መብራት ጠዋት ሄዶ ከሰዓት ሲመለስ ያልፋል። ሃያ ድረ ገጽ በአንድ ኮድ ያስተዳድር የነበረ ሰው ግን በዚያች ሌሊት ሃያውንም በአንድ ትእዛዝ ማደስ ችሏል። ሃያውን ለየብቻ የጫነው ሃያ ጊዜ መሮጥ ነበረበት፤ አሥራ ዘጠነኛው ላይ ሲደርስ ሌባው ሃያኛው ጋ ቀድሞታል። አንድ ቀዳዳ ለሁሉም፣ አንድ መድፈኛም ለሁሉም።

አሁን ወደ ጥርባ። ወዳጆቻችን ስለ ፈረስ ሊጽፉ ነው ብለናል። የሰባት ቤት አገው የፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. እንደተመሠረተ፣ በየዓመቱ ጥር 23 እንጅባራ ላይ እንደሚከበር ከእኛ በላይ ያውቃሉ። ማኅበሩ አንድ ነው፤ ፈረሱ ግን የየባለቤቱ ነው፣ ማታ ወደየቤቱ ይሄዳል። አንዱ ቢያነክስ ሌላው አያነክስም። ድረ ገጽንም እንዲህ ማድረግ ቢቻል ምኞታችን ነበር።

የነገርናቸው የሚከተለውን ነው። የተማሪዎቹንና የፈረሱን በአንድ ወርድፕሬስ አንቀሳቅሱ። ሁለቱም ቢጠፉ እንደገና ይጻፋሉ፤ አዘጋጆቹም ያው እናንተው ናችሁ፤ ማደሱም አንዴ ይሆናል። ግን ሁለቱም የራሳቸው ዶሜይን ስም ይኑራቸው፤ ከወርድፕሬስ 4.5 ወዲህ ለዚህ ተጨማሪ ፕለጊን አያስፈልግም። ስሙ የእናንተ ከሆነ ነገ ሶፍትዌሩን ብትቀይሩ፣ ሰርቨሩን ብትቀይሩ፣ አንባቢው ያንኑ አድራሻ ይጽፋል። የብሎግስፖት ጸሐፊዎች በ1998 ያልነበራቸው ይህ ነው። ሶፍትዌሩን ተጋሩ፤ ስሙን አትጋሩ።

የአውጚውን ግን ለብቻው አድርጉት አልናቸው። እዚህ ላይ እርስ በርሳችን ተጨቃጭቀናል፤ ሁለታችን እስካሁን አልተስማማንም። ተቃዋሚው «ለብቻው የተተወ ድረ ገጽ ማንም አያድሰውም፤ በዓመቱ የቁማር ማስታወቂያ ይሞላበታል» ይላል። እውነቱን ነው፤ አይተናል። የሌሎቻችን ክርክር ደግሞ ይህ ነው። በወርድፕሬስ ግቢ ውስጥ ሱፐር አድሚን የሚባለው ሰው አንዱን ድረ ገጽ በአንድ ቁልፍ ከነጽሑፉ ማጥፋት ይችላል። የይለፍ ቃሉ በተማሪዎቹ ገጽ በኩል ቢሰረቅ ሌባው ተረቱ ጋም ይደርሳል። የተማሪዎች ዜና ይተካል። ከአንድ አዛውንት አፍ የተቀዳ የአውጚ ተረት፣ አዛውንቱ ካለፉ በኋላ፣ በምን ይተካል?

ደግሞ ሌላ ግቢ አለ፤ ከሁሉም የሚበልጥ። ውክፔዲያ ከ300 በሚበልጡ ቋንቋዎች የሚንቀሳቀሰው ሚዲያዊኪ በሚባል በአንድ ሶፍትዌር ነው። የአማርኛው ውክፔዲያ ከ15 ሺህ በላይ መጣጥፍ ይዞ እዚያው ግቢ ውስጥ አንድ ክፍል ነው፤ ሶማሊኛ፣ ኦሮምኛና ትግርኛም ክፍል አላቸው። አውጚ እስካሁን የራሱ ክፍል የለውም። ለማግኘት ገንዘብም ሰርቨርም አይጠየቅም። የሚጠየቀው ኢንኩቤተር በሚባለው ማቆያ ውስጥ ሰዎች ለወራት ሳያቋርጡ እንዲጽፉና የሶፍትዌሩ ዋና ዋና ቃላት፣ «አስቀምጥ»፣ «ፈልግ»፣ «አርም» የሚሉት፣ በአውጚ እንዲተረጎሙ ነው። አሚኮ ከባሕር ዳር በአውጚ ሲያሰራጭ ዓመታት ሆኖታል፤ በቋንቋው ዜና የሚጽፍ ሰው አለ ማለት ነው። «አስቀምጥ» የምትለውን ቁልፍ የሚተረጉም አይጠፋም።

ቅጂን በተመለከተ ደግሞ ጨክነን ተናግረናል። ወርድፕሬስ ላይ «ኤክስፖርት» የምትለው ቁልፍ ጽሑፉን ብቻ ነው የምታወጣው፤ ፎቶና ድምፅ አብሮ አይወጣም። «አፕሎድስ» የሚባለውን ፎልደር ለብቻ መቅዳት አለባችሁ። በየወሩ አንድ ሐርድ ዲስክ ላይ ቅዱ፤ ዲስኩ ጥርባ ይቀመጥ፣ ሁለተኛው እንጅባራ ወይም ዳንግላ ዘመድ ቤት። ይህን የምንለው ሌላ ነገር ስለምናስታውስ ነው። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። ያን ጊዜ ሶፍትዌሩ አንድ ይሁን ሦስት፣ ዶሜይኑ የማንም ይሁን፣ ጥርባ ላለ ሰው ልዩነት አልነበረውም። በእጁ ያለው ዲስኩ ላይ ያለው ብቻ ነበር።

መልሳችንን ከላክን በሦስተኛው ቀን ጻፉልን። ሁለቱን ገጾች በአንድ ሊጭኑ ተስማምተዋል፤ ስለ ሦስተኛው ገና እየተከራከሩ ነው፣ እንደኛው። እስከዚያው ለሙከራ አንዲት ተረት በስልክ ጽፈው እርስ በርስ ተላልከዋል። በሁለቱ ስልክ በደንብ ተነብባለች። በሦስተኛው ላይ ግን «ጚ» ባለችበት ቦታ ሁሉ ባዶ ሳጥን ነው የታየው። ስልኩ የስንት ዓመት እንደሆነ ጠይቀናል።